አይዳ ግቢያችን መጣች፦ ኦፔራን ጅማ ላይ ከቤት ውጭ ለማየት

ጅማ ኦፔራ ቤት የላትም። ግቢ ግን አላት፣ በርጩማ አላት። የቡናውን ነገር ለጅማ ሰው ማውራት ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን የሚተረክ ትያትር፣ በግቢያችን በቪዲዮ ማሳየት ከጀመርኩ ሁለት በጋ ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። አሁን ጎረቤቶቼ ራሳቸው "ደግሞ መቼ ነው?" ማለት ጀምረዋል። ይህን የምጽፈው ላፕቶፕ ላለው፣ ፕሮጀክተር ከሰው መዋስ ለሚችል፣ ክላሲካል ሙዚቃ ለሚወድ ወይም ልውደደው ብሎ ለሚሞክር ሰው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ደጅ ላይ የሰው ጆሮ ይባዝናል። ባጃጅ ያልፋል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል። አዳራሽ ውስጥ ጨለማውና ግድግዳው ሰውን አፍነው ያስቀምጡታል። ግቢ ውስጥ ሰውን ይዞ የሚያቆየው ታሪኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዕቃው ይልቅ ታሪኩ ላይ ድከሙ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

1. የሚታየውን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ሳትከራከሩ "አይዳ"ን ውሰዱ። ጣሊያናዊው ጁዜፔ ቬርዲ የደረሰው ኦፔራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ካይሮ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። አይዳ ማን ናት? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ። ግብፅ ውስጥ ተማርካ የፈርዖኑ ልጅ የአምኔሪስ አገልጋይ ሆናለች። ይህን ስትናገሩ ግቢው ጸጥ ይላል። እኔ ያየሁት ነው።

ደግሞም ደጅ ላይ የተፈተነ ሥራ ነው። ቬሮና የምትባል የጣሊያን ከተማ ውስጥ፣ ሮማውያን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የሠሩት ጣሪያ የሌለው ትልቅ የድንጋይ ስታዲየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 የቬርዲ 100ኛ የልደት ዓመት ሲከበር እዚያ "አይዳ"ን አሳዩ። በዚያው ተለምዶ ዛሬም ቬሮና በየዓመቱ በአውሮፓ በጋ ኦፔራ ታሳያለች። መለከት፣ ሰልፍ፣ የብዙ ሰው ኅብረ ዝማሬ ያለበት ስለሆነ ሜዳ አይውጠውም።

ግን ሙሉውን አታሳዩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አራቱንም ክፍል ላሳይ ብዬ ነበር። ሙዚቃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በሦስተኛው ክፍል ላይ ዞር ብዬ ሳይ የቀረነው እኔ፣ ወንድሜና አንድ የተኛ ልጅ ነበርን። አሁን አምስት ቦታ ብቻ መርጬ አወጣለሁ፦ ራዳሜስ የተባለው የግብፅ ጦር አዛዥ ስለ አይዳ የሚዘፍነው መክፈቻ፣ አይዳ ብቻዋን ቀርታ የምትጨነቅበት፣ የድሉ ሰልፍ፣ ከአባይ ዳር ያለው ሌሊት፣ እና የመጨረሻው የመቃብር ትዕይንት። ሲደመር 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ለግቢ ይበቃል።

ከዚያ በፊት ሰው እየገባ ሳለ የሚጫወት ያስፈልጋል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አደርጋለሁ፤ ሰው ወሬውን ሳያቋርጥ ይሰማዋል። ሁሉም ሲቀመጥ የሙዚቃ ደራሲውን የሄንደልን "የውኃ ሙዚቃ" ትንሽ አስከትላለሁ። ይህ ሙዚቃ ከመነሻውም ለደጅ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1717 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊ በቴምስ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄድ፣ 50 ያህል ሙዚቀኞች በሌላ ጀልባ ሆነው አጫወቱት። ንጉሡ ወዶት ሦስት ጊዜ አስጫወተው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1787 የጻፈው የሌሊት ሴሬናድም ጥሩ ነው። ሴሬናድ ማለት ድሮም ማታ ማታ ደጅ ላይ ለመዝናኛ የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር "ኧረ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!" የማይል ሰው የለም።

ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ታገኛላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ተማምናችሁ በቀጥታ አታጫውቱ። ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉና ፍላሽ ላይ ጫኑት። ሌላ ፍላሽ ላይም ድገሙት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ

የጅማ ዝናብ አይታመንም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ሰማዩ የራሱን ነው የሚሠራው። በጋውም ቢሆን አልፎ አልፎ ጠብ ያደርጋል። የቀረው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ነው።

እሱም ቢሆን ባዶ አይደለም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ታኅሣሥ 28 ይቆያል፤ በጾም ዘፈን የማይሰሙ ጎረቤቶች አሉ። ጥር የሠርግ ወር ነው። እናንተ አይዳን ስታስለቅሱ ከአጥሩ ወዲያ ድንኳን ተተክሎ "ሙሽራዬ" ሲቀልጥ ያድራል። ከሠርግ ስፒከር ጋር የሚወዳደር ሶፕራኖ (ድምፀ ቀጭን ሴት ዘፋኝ) እስካሁን አልሰማሁም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ስለሚዞር ካሌንደር እዩ። የእኔ ምርጫ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 14 ያለ አንድ ቅዳሜ ነው።

ሰዓቱን በአዛን ለኩት። በኅዳር ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ አልፎ ትጠልቃለች፤ ያኔ መግሪብ ነው። ኢሻ ከዚያ አንድ ሰዓት ከምናምን ቆይቶ ይመጣል። ፕሮጀክተር ካልጨለመ አይታይም፤ ስለዚህ ሁለቱ ይገጥማሉ። ከመግሪብ በኋላ ሰው ይግባ፣ አቦሉ ይጠጣ፣ ፒያኖውና ሄንደል ይጫወቱ። ኢሻ ሲጠራ ድምፁን አጥፉ። መቀነስ አይበቃም፣ አጥፉት። የሚሰግድ ሰግዶ ይመለሳል። ኦፔራው ወደ 2 ሰዓት ገደማ ይጀመር። ከ3 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ትጨርሳላችሁ፤ ማንም ጎረቤት አይቀየማችሁም።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላ ግራና ቀኝ፣ ከኋላም ላሉት ቤቶች በአካል ሄዳችሁ ንገሩ። "ድምፅ ይኖራል፣ ይቅርታ" ከማለት "ኑ" ማለት ይሻላል። የተጠራ ሰው አይከስም።

3. ቦታውን አዘጋጁ

ነጭ አንሶላ ጥሩ ማያ ነው፤ ግን ነፋስ ሲነካው አይዳ ወገቧ ይታጠፋል። ግድግዳ ላይ ወጥራችሁ በሁሉም ጎን ያዙት። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ካለማ ከአንሶላም ይበልጣል።

መቀመጫው ላይ ጅማ ቬሮናን ትበልጣለች። እዚያ ርካሹ ቦታ ድንጋይ ነው፤ ሰው ትራስ ይዞ ይሄዳል። እኛ ጋ በርጩማ አለ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው። እግሩ ሦስት ስለሆነ ሣር ላይም ጉብታ ላይም አይንገዳገድም። በርጩማዎቹን ከፊት፣ ወንበሮቹን ከኋላ አድርጉ፤ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ማንም ማንንም አይጋርድም። ለሽማግሌዎች ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ስጡ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ በሏቸው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀን ሞቃት ብትሆንም የኅዳር ማታ ያንዘፈዝፋል።

ትንኞች ብርሃን ይወዳሉ። ዝናብ የጣለ ዕለት ደግሞ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ይወጣል። አንድ ማታ የግብፅ ካህናት በሙሉ ፊታቸው ላይ ምስጥ ሲርመሰመስባቸው አመሸ፤ ልጆቹ ከኦፔራው በላይ እሱን ወደዱት። መላው ቀላል ነው፦ ግቢው ጥግ፣ ከሰው ራቅ አድርጋችሁ አንድ ደማቅ አምፖል አብሩ። አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል። ለቢንቢ ደግሞ እጅጌ ረጅም ልብስ።

ኤክስቴንሽኑን ሣር ላይ አትተዉት፤ ጤዛ ይወርዳል። ጫፉን ድንጋይ ወይም ሣጥን ላይ አውጡት። ረከቦቱም ከሽቦው በጣም ይራቅ።

4. ድምፁን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ እየተመለሰ ያግዛችኋል። ደጅ ላይ ሄዶ ይቀራል። ከስፒከሩ በእጥፍ በራቃችሁ ቁጥር ድምፁ በጣም ይሳሳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስፒከር ሩቅ አስቀምጦ ከማስጮህ፣ ሁለት መካከለኛ ስፒከር ወደ ሰው አስጠግቶ ለስለስ ማድረግ ይሻላል። ከማያው ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁኑ። ከኋላቸው የቤት ግድግዳ ካለ ጥሩ ነው።

ብሉቱዝ አትጠቀሙ። ድምፁ ከምስሉ ትንሽ ይዘገያል። ለዘፈን ክሊፕ ግድ የለም፤ ኦፔራ ላይ ግን ዘፋኟ አፏን ከዘጋች በኋላ ድምፁ ሲመጣ ሰው ይስቃል። በኬብል አገናኙ።

ባሱን ቀንሱ። ስፒከሩ ላይ ባስ የሚጨምር ቁልፍ ካለ አጥፉት። የእኛ ሰፈር ስፒከሮች ለሠርግ የተገዙ ናቸው፤ ቫዮሊኑን ውጠው ከበሮውን ብቻ ይተፋሉ። እኔ ይህን የተማርኩት በቆርቆሮ አጥራችን ነው። የድሉ ሰልፍ ላይ ትልቁ ከበሮ ሲመታ አጥሩ በሙሉ "ዝዝዝ" ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ስፒከሩ የተቀደደ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ወደ አጥሩ ሳስጠጋ አንድ ሚስማሩ የወለቀ ቆርቆሮ ነው። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ሰካሁ፣ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣልኩበት። ዝም አለ።

አሁን ዋናው። ክላሲካል ሙዚቃ እንደ ዘፈናችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከፍታ የለውም። "አይዳ" ራሱ የሚጀምረው በጥቂት ቫዮሊኖች ሹክሹክታ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "አይሰማም፣ ጨምር!" ይላል። ትጨምራላችሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መለከቱ ሲመጣ ሕፃናቱ በድንጋጤ ይነሳሉ። ስለዚህ ድምፁን የምትለኩት ቀን፣ ሰው ሳይመጣ፣ በድሉ ሰልፍ ላይ ነው። እሱ ደስ ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ቁልፉን ምልክት አድርጉና ማታ አትንኩት። ስሱው ቦታ ላይ ሰው ራሱ ዝም ብሎ ጆሮውን ያቀናል። እመኑኝ፣ ከምንም የዝምታ ትእዛዝ ይበልጣል።

5. ታሪኩን ተርኩ

ቪዲዮው ሰብታይትል ቢኖረውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አንሶላ ላይ ደግሞ አይነበብም። አንድ አፈኛ ሰው ምረጡ። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊት ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ይናገር። መጨረሻውን እንዳያበላሽ አትስጉ፤ ኦፔራ ላይ ሰው የሚመጣው ምን እንደሚሆን ለማወቅ አይደለም፣ እንዴት እንደሚዘፈን ለመስማት ነው።

እኛ ጋ የምንተርከው እንዲህ ነው። ራዳሜስ የጦር አዛዥ ሆኖ ኢትዮጵያን ሊወጋ ነው፤ የሚወዳት ደግሞ አይዳን ነው። የፈርዖኑ ልጅ አምኔሪስ እሱን ትወደዋለች። ሁሉም "አሸንፈህ ተመለስ!" ብለው ሲሸኙት አይዳም አብራ ብላ ትደነግጣለች። ማንን ነው አሸንፍ ያልኩት? የአባቴን ጦር? እዚህ ላይ ተራኪው ይቁምና ሙዚቃው ይቀጥል። ከጎረቤት አንዲት እናት "ውይ ልጄን፣ ምን ትበል እንግዲህ!" አሉ። ጣሊያንኛ አያውቁም። ያሉት ግን ዘፈኑ የሚለውን ነበር።

የድሉ ሰልፍ ላይ ጆሮ የሚሰጥበትን አስቀድማችሁ ንገሩ። ቬርዲ ለዚህ ትዕይንት ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶች ለይቶ አሠርቷል፤ ስድስት ናቸው። መጀመሪያ ሦስቱ ዜማውን ይጫወታሉ። ከዚያ ሌሎቹ ሦስቱ ያንኑ ዜማ ከፍ ካለ ቦታ ይቀበላሉ። በዚያች ቅጽበት ምስሉ ላይ ምንም ሳይለወጥ ግቢው በሙሉ ቀና ይላል። ለልጆቹ "መለከቱ መቼ እንደተቀየረ የያዘ ፈንዲሻ ይጨመርለታል" ካላችሁ እንደ ትልቅ ሰው ያዳምጣሉ።

አንድ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ ተዘጋጁበት። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ምርኮኞቹ ሲገቡ አይተው "እንዴ! እኛ ነን እንዴ የተሸነፍነው?" አሉ ቆጣ ብለው። መልሱ ጥሩ ነው። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ገዥ ኢስማኢል ፓሻ ነው። ካይሮ ላይ ከታየ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ የእውነት ጦር ላከብን። ጉንደት ላይ ተመታ። በዓመቱ ጉራ ላይ ደገመው፣ እዚያም ተመታ። መድረክ ላይ ያሸነፉት ይበቃቸዋል። ሽማግሌው ስቀው "በል ቀጥል" አሉኝ።

ሌላም የአካባቢ ማያያዣ አለ። አባ ጅፋር ዳግማዊ የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1878 ነው፤ "አይዳ" ካይሮ ከታየ ከ7 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ዘመኑን በዓይኑ ይስለዋል። የእንጨት ሰገነቱን ሳይ ሁሌ አንድ ሶፕራኖ እዚያ ላይ ትታየኛለች። ምኞት አይከለከልም።

6. ቡናውን ከሙዚቃው ጋር አስኪዱት

ኦፔራ ዕረፍት አለው፣ ቡና ደግሞ ሦስት ዙር። አቦል ከመጀመሩ በፊት፣ ቶና ከድሉ ሰልፍ በኋላ፣ በረካ ሁሉም ሲያልቅ። ቡናው በዘፈኑ መሐል አይቆላ፤ የመቁላቱ ድምፅ ስሱውን ቫዮሊን ይበላዋል። ሙቀጫም እንደዚያው። ሲኒ ማንኳኳት ግን ምንም አይደለም።

ከቶና በኋላ ያለው ትዕይንት ለእኔ የማታው ልብ ነው። ሌሊት ነው፣ አባይ ዳር። አይዳ ብቻዋን ቆማ አገሬን ዳግም አላያትም ትላለች። ስለ ሰማያዊ ሰማይ፣ ስለ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ስለ ቀዝቃዛ ሸለቆ ትዘፍናለች። ከፊቷ የሚቀድማት ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ሰርሰር ያለ፣ እንደ እረኛ ዋሽንት የሚያስተክዝ። ቬርዲ ኢትዮጵያን አላየም። ግን ይህን ጅማ ላይ፣ ዙሪያውን ኮረብታ ባለበት፣ ዝናብ የጠገበ አፈር እየሸተተ ስትሰሙት ማን ነገረው ትላላችሁ። ከዚህ ትዕይንት በፊት አምፖሎቹን በሙሉ አጥፉ፤ የጥጉን የምስጥ አምፖልም ጭምር።

7. ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ጸጥታ

ሲምፎኒ ላይ፣ ማለትም በክፍል በክፍል የተጻፈ ረጅም የኦርኬስትራ ሙዚቃ ላይ፣ በክፍሎቹ መሐል አይጨበጨብም፤ ሁሉም እስኪያልቅ ይጠበቃል። ኦፔራ ላይ ግን ዘፋኙ አንዱን ትልቅ ዘፈን ሲጨርስ ማጨብጨብ ወግ ነው። ለወንድ "ብራቮ"፣ ለሴት "ብራቫ"፣ ለብዙዎች "ብራቪ" ይባላል። እኛ ጋ ከድሉ ሰልፍ በኋላ እልልታ ቀለጠ። አንድ ጓደኛዬ "ኧረ ነውር ነው" ብሎ ሊያስቆም ሞከረ። ምን ነውር አለው? ይልቅ የሚያስቸግረው የስልክ መብራት ነው። ጨለማ ውስጥ አንድ ስልክ ሲበራ የአሥር ሰው ዓይን ይስባል። ስልክ ኪስ ውስጥ።

ቬሮና ላይ ተመልካቹ ከመጀመሩ በፊት ትንንሽ ሻማ የሚያበራበት ልማድ አለ። እኛም ለልጆቹ አንዳንድ ሻማ እንሰጣለን። ግን ማስቀመጫ ሳህን ስጧቸው፤ የጋቢ ዘርፍ እሳት ይወዳል።

8. መብራት ሲሄድ፣ ዝናብ ሲመጣ

መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተር ካላችሁ ከቤቱ ጀርባ፣ ከሰውም ከመስኮትም ራቅ አድርጉት፤ ጭሱም አደገኛ ነው፣ ጩኸቱም ሙዚቃውን ይገድለዋል። ከሌላችሁ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ በባትሪ የሚሠራ አንድ ስፒከርም ያዙ። ምስሉ ይቅር፣ ድምፁ ይቀጥላል። አንዴ በአባይ ዳሩ ትዕይንት መሐል መብራት ሄደብንና እንዲሁ አደረግን። ማያው ጨለመ፣ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ሰማ። እውነቱን ልናገር? ከምስሉ ይበልጥ ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ግን አትጃጃሉ። በመጀመሪያው ጠብታ ፕሮጀክተሩ ከሶኬት ይነቀል። አንድ ሰው ለዚህ ብቻ ይመደብ፤ ላስቲክም አጠገቡ ይኑር። ሰውን በረንዳ ላይ አስገብታችሁ የቤትሆቨንን ስድስተኛ ሲምፎኒ ክፈቱ፣ አራተኛውን ክፍል። ነጎድጓድና ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ጋር አብሮ ይጫወታል። የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ደግሞ ሦስት ወፎች አሉ፦ ሌሊት የምትዘምር ወፍ በፍሉት፣ ድርጭት በኦቦ፣ ኩኩ በክላርኔት። ልጆቹ ኩኩን ወዲያው ይይዟታል።

9. አጨራረሱ

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ራዳሜስ በአገር ክህደት ተፈርዶበት ከነነፍሱ መቃብር ውስጥ ይዘጋበታል። ጨለማው ውስጥ አይዳ ቀድማ ገብታ ትጠብቀዋለች። መድረኩ ሁለት ፎቅ ነው፤ ላይ ቤተ ጣዖቱ፣ ታች መቃብሩ። ሁለቱ ከምድር ጋር ይሰናበታሉ። ላይ አምኔሪስ ጥቁር ለብሳ ሰላም ትለምናለች። ሙዚቃው እንደ አጀማመሩ በቫዮሊን ሹክሹክታ ያልቃል።

እዚህ ላይ አምፖሉ ጋ የሚቆመውን ሰው ቀድማችሁ አስጠንቅቁት። ቪዲዮው እንዳለቀ መብራቱን ቦግ አያድርገው። ዩቲዩቡም ወደ ሌላ ቪዲዮ እንዳይዘል ፋይሉን እዚያው ቁረጡት፤ እኛ ጋ አንዴ አይዳ ከሞተች በሦስት ሰከንድ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ሰው ፍሙን ያራግብና በረካው ይቀርባል።